«ዶክተር፣ ስንት ጊዜ አላት?»፦ ስለ አንጎል ካንሰር የሚነገሩት ቁጥሮች ምን ይነግሩናል?



በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ መልእክቶች ለመመለስ በጣም የሚከብደኝ የኤምአርአይ ውጤት ፎቶ ተነስቶ፣ ከሥሩ «ዶክተር፣ ጎግል ላይ ሳየው አንድ ዓመት ይላል፣ እውነት ነው?» የሚለው ነው። ሰሞኑን እንዲህ ያለ ጥያቄ ስለበዛብኝ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጻፍበት።

መጀመሪያ የበሽታው ስም ይረጋገጥ። «ጭንቅላቱ ላይ ዕጢ ተገኘ» ሲባል ሁሌም ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ከአንጎል ሽፋን የሚነሳው ማኒንጂዮማ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። እኛ አገር ደግሞ ቲቢ አንጎል ውስጥ ገብቶ ቁርጥ ዕጢ መስሎ ይታያል፣ እሱ በመድኃኒት የሚታከም ነው። ስለዚህ ናሙና ተወስዶ በፓቶሎጂ ሳይታይ፣ ምስል ብቻ አይታችሁ ለቅሶ አትጀምሩ።

ናሙናው «ግሊዮብላስቶማ» ብሎ ከመጣ ግን ነገሩ ከባድ ነው፣ አልዋሻችሁም። በአዋቂዎች ላይ ከሚነሱት የአንጎል ካንሰሮች ኃይለኛው እሱ ነው። ቀዶ ሐኪሙ የሚታየውን ዕጢ ቢያወጣም ሴሎቹ ጤነኛው አንጎል ውስጥ ተሰራጭተዋል። ከተቦካ ሊጥ ውስጥ እርሾውን ለይታችሁ አውጡ እንደማለት ነው። ለዚህ ነው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጨረርና መድኃኒት የሚጨመረው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ በሆነውና እስከ ዛሬ ሕክምናው የሚመራበት ጥናት ላይ 573 ታማሚዎች ተሳትፈዋል። ጨረር ብቻ የወሰዱት መካከለኛ ዕድሜያቸው 12.1 ወር ነበር፤ ቴሞዞሎማይድ የሚባለው እንክብል የተጨመረላቸው ደግሞ 14.6 ወር። ጎግል ላይ የምታዩት «አንድ ዓመት ምናምን» ከዚህ ዓይነት ጥናት የመጣ ነው።

«መካከለኛ» ማለት ግን የማለቂያ ቀን አይደለም። 100 ታማሚ ብናሰልፍ 50ዎቹ ከዚያ በፊት ያርፋሉ፣ 50ዎቹ ከዚያ በኋላም አሉ። በዚያው ጥናት መድኃኒቱን ከጨረር ጋር ከወሰዱት 26.5 በመቶው 2 ዓመት አልፈዋል። 5 ዓመት ያለፉት 9.8 በመቶ ናቸው፣ ጨረር ብቻ ከወሰዱት ደግሞ 1.9 በመቶ። ትንሽ ነው? አዎ ትንሽ ነው። ግን ዜሮ አይደለም።

እስቴፈን ጄይ ጉልድ የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ሌላ ዓይነት ካንሰር፣ የሆድ ሜሶቴሊዮማ ተገኘበት። የበሽታው መካከለኛ ዕድሜ 8 ወር ነበር፤ እሱ 20 ዓመት ኖሮ በሌላ ካንሰር አረፈ። በተቃራኒው የአሜሪካው ሴናተር ጆን ማኬይን ጥሩ ሕክምና የማግኘት ችግር ያልነበረባቸው ሰው ነበሩ፤ ግሊዮብላስቶማ ከተገኘባቸው ከ13 ወር በኋላ አረፉ። የጉልድን ታሪክ ብቻ ነግሬ ልሸኛችሁ አልፈልግም።

ዕድሉን ከፍ የሚያደርጉት ዕድሜ፣ ታማሚው ራሱን ችሎ መንቀሳቀሱ፣ ዕጢው ምን ያህል እንደወጣ፣ እና ኤምጂኤምቲ የሚባለው የዘር ምርመራ ውጤት ናቸው። ሐኪማችሁን «ስንት ወር?» ከምትሉት ስለነዚህ ጠይቁት፣ የተሻለ መልስ ታገኛላችሁ።

አቃቂ የማክማቸው አንዲት እናት ነበሩ (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)። ትልቁ ልጃቸው ኮሪደር ላይ ጎትቶኝ፣ «ዶክተር፣ ስንት ጊዜ አላት? ለእሷ ግን እንዳትነግራት፣ ትሰበርብናለች» አለኝ። ይሄን ያላለኝ ቤተሰብ የለም ማለት ይቻላል። ገብቼ እናትየውን «እናቴ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ልንገርዎ?» አልኳቸው። ሳቅ አሉ። «ልጄ፣ እኔ እኮ አውቄዋለሁ። ማጀት ገብተው ሲያለቅሱ የማልሰማ መስሏቸው ነው። የልጄን ሰርግ ለሚያዝያ ነው የያዝነው። እደርሳለሁ ወይ?»

እውነቱን ተነጋገርን፤ ሰርጉ ወደ ጥር መጣ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ሙሽራዋን መረቁ። ከሰርጉ በኋላ ሰባት ወር ኖሩ። ልጆቹ እንደፈለጉት ደብቀናቸው ቢሆን ኖሮ ያንን ቀን ማን ይወስንላቸው ነበር?

ወደ ተግባሩ ስንመጣ፣ ጨረሩ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ለ6 ሳምንት። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ማዕከል ነበር፣ ወረፋውን ታውቁታላችሁ። የፓቶሎጂ ውጤቱ በወጣበት ቀን ወረፋ ያዙ። ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከቂሊንጦ በየቀኑ በታክሲ መመላለስ ለታማሚ ቀልድ አይደለም፤ መሃል ከተማ ዘመድ ካለ ለእነዚያ 6 ሳምንታት እዚያ ያሳርፉት። ውጭ አገር ለመሄድ ቤት መሸጥ ያሰባችሁ ደግሞ «እዚያ ምን የተለየ ይደረግለታል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ቀዶ ሕክምና፣ ጨረርና ቴሞዞሎማይድ ከሆነ ያው ነው። የምትገዙት ፈጣን ወረፋ ነው፣ እሱም አንዳንዴ ዋጋ አለው፤ ግን አውቃችሁት ክፈሉ።

ዴክሳሜታዞን ራስ ምታቱን ሲያስታግስ «ዳነ» ብላችሁ በድንገት አታቁሙት፤ እብጠቱን ነው የቀነሰው። ከምግብ በኋላ ይወሰድ፣ ስኳርም ይለካ። ጠበል ስትሄዱ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ። ከጣለው በጎኑ አስተኙት፤ ክብሪት አታሽቱት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ አትክተቱ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ትውከት ያለው የጠዋት ራስ ምታት ከባሰ፣ አንድ ጎን ከሰነፈ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ያንኑ ቀን ሐኪም ይየው።

ሕክምናው መሥራት ሲያቆም ደግሞ ሕመምና ጭንቀትን የሚያስታግስ እንክብካቤ አለ። ሆስፒስ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ድረስ እየሄደ ይሠራል። የመጨረሻው ሳምንት እስኪደርስ አትጠብቁ፣ ቀደም ብላችሁ አነጋግሯቸው።

በውስጥ መስመር የኤምአርአይ ፎቶ ስትልኩልኝ የፓቶሎጂውንም ወረቀት ጨምሩበት። ስምና የካርድ ቁጥሩን ሸፍናችሁ።