ብስክሌት፣ የአዋቂ ሰው ጤናና የላስታ ዳገት

ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ (1ጢሞ. 4፥8) የሰውነትን ልምምድ እግዚአብሔርን ከመምሰል አሳነሰው እንጂ ከንቱ አላለውም። ብዙዎቻችን ግን ያን ጥቂት ጥቅም እንኳ ትተን፣ ውለን የምናድረው ተቀምጠን ነው። የደም ግፊትና ስኳር ቤታችንን ሲያንኳኩ ለጸሎት ብቻ እንሮጣለን።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል። ጠንከር ያለ ከሆነ 75 ደቂቃም ይበቃል። በቀን ግማሽ ሰዓት ብስክሌት ብትነዱ በአምስት ቀን 150 ደቂቃ ይሞላል። የሚሠራ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳል፤ ልብም እየበረታ ይሄዳል። በ2000 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን 30 ሺህ ያህል ሰዎችን የተከታተለ ጥናት፣ ወደ ሥራ በብስክሌት የሚሄዱት ከማይሄዱት ያነሰ የሞት መጠን እንደነበራቸው አሳይቷል። (ብስክሌቱ ብቻ ነው ያቆያቸው ማለት ግን አይደለም።)

ባሕር ዳር ሜዳ ናትና ብስክሌት ለምዳለች። ላሊበላ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የዳገት ከተማ ናት፤ አየሩም ስስ ነው። ይህ ሊያስቀራችሁ አይገባም። ዳገት ላይ ያለች ደቂቃ ጠንከር ካለው እንቅስቃሴ ትቆጠራለች። ማርሹን አቅልሉ፤ ሲከብዳችሁ ወርዳችሁ ግፉት፣ አያሳፍርም። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለባችሁ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ሁለቱንም ፍሬን ፈትሹ።

ብስክሌት ክብደታችንን ስለሚሸከምልን ለጉልበት ይመቻል፤ ለአጥንት ጥንካሬ ግን የእግር ጉዞን አይተካም። ስለዚህ እሑድ ወደ ጸሎት ቤት በእግራችሁ ሂዱ።