ምግብ፣ ብግነትና የሰው ጠባይ

ብግነት ሰውነት ራሱን የሚከላከልበት መንገድ ነው። እሾህ የወጋው ጣት የሚቀላውና የሚጠዘጥዘው ነጭ የደም ሴሎች ጀርም ለመዋጋት ወደ ቦታው ስለሚተሙ ነው፤ ቁስሉ ሲሽር ብግነቱም ይበርዳል። ሳያም፣ ሳያብጥ ለዓመታት የሚቆይ ዝግ ያለ ብግነትም አለ። ይህኛው የሚታወቀው በደም ምርመራ ሲሆን፣ አንዱ ምልክት ጉበት የሚያመርተው ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን ከፍ ማለቱ ነው። ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ ሲጋራ፣ የእንቅልፍ እጦት፣ የቆየ ጭንቀትና አመጋገብ ያባብሱታል።

ብግነት ከአንጎል ጋር የሚነጋገረው ሳይቶካይን በተባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖች ነው። መልእክታቸው በደምም፣ ከሆድ ዕቃ ወደ አንጎል በሚወጣው ቬገስ ነርቭም በኩል ይደርሳል። ያን ጊዜ ማይክሮግሊያ የተባሉት የአንጎል ተከላካይ ሴሎች ይነቃሉ። ውጤቱን ጉንፋን የጣለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ምግብ ያስጠላዋል፣ ጨዋታ ይሰለቸዋል፣ ሰው ዞር ቢልለት ይመርጣል። የእንስሳት ሐኪሙ ቤንጃሚን ሃርት እ.ኤ.አ. በ1988 ይህ ጠባይ ሰውነት ጉልበቱን በሽታውን ለመታገል የሚቆጥብበት ሥርዓት መሆኑን አስረድተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2010 ናኦሚ አይዘንበርገርና ባልደረቦቻቸው በሎስ አንጀለስ 39 ጤነኛ ሰዎችን በሁለት ከፈሉ። ለአንዱ ቡድን ብግነት የሚቀሰቅስ የባክቴሪያ ንጥረ ነገር በጥቂቱ፣ ለሌላው ምንም የማያደርግ ፈሳሽ ሰጡ። ብግነት የተነሣባቸው ሰዎች ስሜታቸው ከመጨለሙም በላይ ከሌሎች የተነጠሉ መስሎ ተሰማቸው።

ምግብ በዚህ መስመር ላይ የሚገባው በዋናነት በአንጀት በኩል ነው። በጥራጥሬ፣ በአትክልትና በሙሉ እህል ውስጥ ያለው አሰር በትንሹ አንጀት ሳይፈጭ ያልፍና በትልቁ አንጀት ለሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቀለብ ይሆናል። እነሱም ቡቲሬት የተባለ አሲድ ያመርታሉ፤ ቡቲሬት የአንጀትን ግድግዳ ይመግባል፣ ብግነትንም ያበርዳል። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ገለፈቱን መለየት ስለማይቻል ከነአሰሩ ይፈጫል። እንጀራ ሲጋገር የእርሾው ባክቴሪያ በምጣዱ ሙቀት ቢሞትም በእንጀራው ውስጥ ያለው አሰር አይጠፋም። ዓሣ ኦሜጋ 3 የተባለውን ብግነት አብራጅ ቅባት ይሰጣል። ተልባም ኦሜጋ 3 አለው፤ ሆኖም ሰውነት በዓሣ ውስጥ ወዳለው ዓይነት የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ነው። በአንጻሩ ሃይድሮጅን ተጨምሮበት እንዲረጋ የተደረገ ዘይት የሚይዘው ትራንስ ፋት ብግነትን ያባብሳል።

አመጋገብን መለወጥ ስሜትን ይለውጥ እንደሆነ ከፈተሹት አንዷ አውስትራሊያዊቷ ፌሊስ ጃካ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ጥናታቸው የድብርት ሕመም ያለባቸው 67 ሰዎች ተካፈሉ። ለ12 ሳምንታት በአትክልት፣ በጥራጥሬ፣ በዓሣና በወይራ ዘይት ላይ ያተኮረ አመጋገብ እንዲከተሉ ከተመከሩት መካከል ሲሶ ያህሉ ከድብርቱ ሲወጡ፣ አጫዋች ብቻ ከተመደበላቸው ግን የወጡት 8 በመቶ ነበሩ። ይሁንና ተሳታፊዎቹ ጥቂት ከመሆናቸውም ሌላ በየትኛው ቡድን እንዳሉ ያውቁ ነበር።

በጠባይ ረገድ የሚጠቀሰው በእንግሊዝ አይልስበሪ ወህኒ ቤት በ231 ወጣት እስረኞች ላይ የተደረገው ሙከራ ነው። ግማሾቹ የቫይታሚን፣ የማዕድንና የቅባት አሲድ እንክብል፣ ግማሾቹ ተመሳሳይ መልክ ያለው ባዶ እንክብል ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ውጤት እውነተኛውን የወሰዱት ከሌሎቹ 26 በመቶ ያህል ያነሰ የደንብ ጥሰት መፈጸማቸውን አሳየ። በኔዘርላንድስ የተደረገው ተመሳሳይ ሙከራም የተመዘገቡ ጥፋቶች መቀነሳቸውን አረጋግጧል፤ እስረኞቹ ራሳቸው በሞሉት መጠይቅ ግን በቁጡነታቸው ላይ ልዩነት አልታየም። ለውጡ ከብግነት መብረድ ይልቅ የጎደለ ንጥረ ነገር ከመሟላቱ የመጣም ሊሆን ይችላል።

መንስኤና ውጤትን መለየት የሚያስቸግረው ግንኙነቱ በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚሄድ ነው። የተከፋና ብቸኛ የሆነ ሰው ለራሱ ወጥ መሥራት ይተዋል፣ ባገኘው ይጠግባል፤ ብቸኝነቱ ራሱም ብግነትን ሊያባብስ ይችላል። ስለዚህ ማን ምን እንደሚበላ ጠይቆ ከጠባዩ ጋር ማነጻጸር ብቻውን አይበቃም፤ የምግብን ድርሻ ለይቶ የሚያሳየው ተሳታፊዎችን በዕጣ መድቦ አመጋገባቸውን የሚለውጥ ሙከራ ነው።