ከጓሮ ጋራዥ እስከ ፎርሙላ ዋን

ዛሬ ኳሷን ለአንድ ቀን አረፍ እናድርጋትና ጋራዥ እንግባ። "በስፖርት ገጽ ላይ የመኪና ብየዳ ወሬ ምን ያደርጋል?" የሚል አንባቢ አይጠፋም። ግን እውነት እንነጋገርና ቡሬም ይሁን ፍኖተ ሰላም ካደግነው ውስጥ አራት ኩሽኔታ እንጨት ላይ ገጥሞ ቁልቁለት ያልወረደ ማነው? መሪው ገመድ፣ ፍሬኑ የጫማ ሶል ነበር። ብዙዎቻችን እዚያው ላይ አቆምን። ያላቆመ አንድ እንግሊዛዊ ግን የዓለምን የመኪና ውድድር ገለባበጠው።

ሰውየው ኮሊን ቻፕማን ይባላል። በ1948 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለንደን ውስጥ ምህንድስና የሚማር ወጣት ነበር። ከፍቅረኛው ከሄዘል ወላጆች ቤት ጀርባ በነበረች ጋራዥ ውስጥ አንድ ያረጀች ኦስቲን ሰቨን ፈታታና በአሉሚኒየም ከተለበጠ ኮምፖርሳቶ አዲስ አካል ሠራላት። የመጀመሪያዋ ሎተስ ይቺው ናት። በ1952 ኩባንያ ሲያቋቁም መነሻ ገንዘቡ 25 ፓውንድ ነበር፤ እሱንም ያበደረችው ሄዘል ናት። ኋላ ሚስቱ ሆናለች፤ ብድሩ በዚያ ተጣጥቶ ይሆን?

ከዚያ ጋራዥ የወጣው ቡድን በፎርሙላ ዋን የመኪና ሠሪዎችን ሻምፒዮንነት 7 ጊዜ ወሰደ። ጂም ክላርክ በ1963 እና በ1965 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በሎተስ ነው። አይርተን ሴናም የመጀመሪያ የፎርሙላ ዋን ድሉን በ1985 ፖርቱጋል ላይ ያገኘው በሎተስ ነበር፤ ቻፕማን ግን በ1982 ስላረፈ ይህን አላየም።

ሚስጥሩ ምንድን ነው? ቻፕማን ሞተር ከማሳደግ ክብደት መቀነስ ይሻላል ባይ ነበር። ጉልበት የጨመረ መኪና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ይፈጥናል፤ ክብደት የቀነሰ ግን በመታጠፊያውም፣ ፍሬን ሲያዝም፣ ሲነሳም ይፈጥናል። ኳስ የሚያይ ሰው ይሄ አይጠፋውም። ሜሲ 1.70 ሜትር ቁመት ይዞ ግዙፎቹን ተከላካዮች እንዴት እንደሚያዞራቸው ስንት ጊዜ አይተናል!

በ1957 የወጣችው ሎተስ ሰቨን ክብደቷ ግማሽ ቶን ገደማ ብቻ ነበር። ተፈታታ፣ በሳጥን ታሽጋ ትሸጥ ስለነበር ገዢው ቤቱ ወስዶ ራሱ ይገጥማታል። ምክንያቱ ደግሞ ግብር ነው። በእንግሊዝ ሙሉ መኪና የሽያጭ ግብር ሲጣልበት የተፈታታው አይጣልበትም ነበር። ታዲያ ሕጉ የመግጠሚያ መመሪያ አብሮ እንዳይሰጥ ስለሚከለክል የሎተስ ሰዎች የመፍቻ መመሪያ ይሰጡ ነበር ይባላል፤ ደንበኛው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያነባታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ድሪብል በሜዳም አላየሁም።

ነገሩን ይበልጥ ወደ ድሃው ያወረደው ሮን ቻምፒየን የተባለ የእንግሊዝ መምህር ነው። በ1996 "በ250 ፓውንድ ብቻ የራስዎን ስፖርት መኪና ይሥሩ" የሚል መልእክት ያለው መጽሐፍ አወጣ። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የኋላ አክሰሉ ካረጀች ፎርድ ኤስኮርት ይወሰዳል። ሻንሲው የሚበየደው በ25 ሚሊ ሜትር አራት ማዕዘን ብረት ነው። ልብ በሉ፣ ይሄ እኛ ቱቦላሬ የምንለው ነው! ቡሬና ፍኖተ ሰላም መንገድ ዳር ያሉት በያጆች በርና መስኮት የሚሠሩበት። ውፍረቱ 1.6 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ለመስኮት የሚሆነው ስስ ቱቦላሬ ሰው አይሸከምም። ይሄ ከተጠበቀ ሻንሲው የኛን በያጆች አያቅታቸውም ባይ ነኝ። መሪና ፍሬን ግን በዓይን ግምት አይሆንም፤ የጫማ ሶል ዘመን አልፏል።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ያረጀች ኤስኮርት የቁራሌው ዕቃ ነበረች። እኛ ዘንድ ግን አርባ ዓመት የሞላት ላዳ ታክሲ ሆና እንጀራ ታበላለች፤ ማን ይፈታታታል?

ቢሆንም የሞከረ አለ፤ ያውም በመኪና ሳይሆን በአውሮፕላን። አስመላሽ ዘፈሩ አብራሪ ለመሆን ፈልጎ በቁመት 1 ሴንቲ ሜትር አነሰህ ተባለ። ሜሲን ማን በሜትር ለካው? አስመላሽ ግን ከመጽሐፍና ከዩቲዩብ ተምሮ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት የቮልስ ሞተር የሚያንቀሳቅሳት ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን በእጁ ሠራ። ስሟ ኬ-570ኤ ነው፤ "ኬ" የእናቱ ስም መነሻ ስትሆን 570 ደግሞ ሥራው የፈጀው ቀን ነው። በጁን 2015 ሊያስነሳት ሞክሮ አልሆነለትም። እሱም ለሁለተኛ ሙከራ መዘጋጀት ጀመረ።