የሚያቅተንን ደጋግመን እንሥራ



ፊደል ቆጥራችኋል። ቃላትም ለይታችኋል። ይኸው ይህን ወረቀት ይዛችሁ እያነበባችሁ ነው። ታዲያ ዛሬ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ስታነቡ የሚያስቸግር ፊደል ሲያጋጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ቆም ብላችሁ ትለዩታላችሁ? ወይስ ዘልላችሁት ታልፋላችሁ?

እውነቱን ከተነጋገርን ብዙዎቻችን ዘልለን እናልፋለን። የምናውቀውን ማንበብ ደስ ይላል። የማናውቀው ግን ያሳፍረናል። በተለይ ልጆቻችን አጠገባችን ተቀምጠው ሲሰሙን ያሳፍራል። ይሁን እንጂ ዘልለን ያለፍነው ፊደል ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ነገ በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ እናገኘዋለን። ከነገ ወዲያ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ እናገኘዋለን። አንድ ቀን ደግሞ በብድር ውል ላይ እናገኘዋለን። ውሉን ያላነበበ ሰው የፈረመበትን አያውቅም። ያላወቀውን ዕዳ ግን ይከፍላል።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ልምምድ እንነጋገራለን። ይኸውም የምናውቀውን ስለ መድገም ሳይሆን የሚያቅተንን ለይቶ ስለ መለማመድ ነው። ምሳሌዎቻችንን ከአሰላና ከአርሲ ደጋ እናመጣለን። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የአሰላው ሯጭ

አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የምትገኘው በጭላሎ ተራራ ግርጌ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ጭላሎ ራሱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። አገሩ ስንዴና ገብስ ያበቅላል። ብርቱ ሯጮችንም አፍርቷል። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂና ከአካባቢዋ የወጡ ናቸው። ኃይሌ ገብረሥላሴ ደግሞ የአሰላ ልጅ ነው።

ኃይሌ በ1965 ዓ.ም. ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። እሱም ደብተሩን በእጁ ይዞ እየሮጠ ይሄዳል፤ እየሮጠ ይመለሳል። ካደገ በኋላም ሲሮጥ ግራ እጁን አጠፍ ያደርግ ነበር። ይህም ደብተር ይዞ ከመሮጥ የቀረ ልማድ ነው ይባላል።

በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ በ10,000 ሜትር ሩጫ የኦሎምፒክ ወርቅ አገኘ። በመስከረም 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ደገመው። በሲድኒ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነበር። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

ይህን የሰማ ሰው፣ «ለሱማ የተፈጥሮ ስጦታው ነው! እኛ ከሱ ምን እንማራለን?» ይል ይሆናል። ቆይ! ታሪኩ ገና አላለቀም። ለእኛ የሚጠቅመን ከዚህ ወዲያ ያለው ነው።

ኃይሌ በ10,000 ሜትር የታወቀ ጀግና ከሆነ በኋላ ወደ ማራቶን ዞረ። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ከአሰላ እስከ በቆጂ ያለው መንገድ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማራቶን የዚያ መንገድ ሦስት አራተኛ መሆኑ ነው። ሩጫነቱ አንድ ቢሆንም ሥራው ሌላ ነው። በ10,000 ሜትር መጨረሻ ላይ ተፈትልኮ መውጣት ያሸንፋል። በማራቶን ግን መጨረሻው ድረስ ጉልበት መቆጠብ ያስፈልጋል። የማራቶን ሯጭ እየሮጠ ውሃ መጠጣትን ሳይቀር ይለማመዳል። ስለዚህ ያ ጀግና እንደ ገና ጀማሪ ሆነ።

አሁን ውጤቱን በተራ እንመልከት።

በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. ለንደን ላይ ሮጦ 3ኛ ወጣ። በጥቅምት 1998 ዓ.ም. አምስተርዳም ላይ አሸነፈ። በሚያዝያ 1998 ዓ.ም. እንደ ገና ለንደን ሄደ፤ 9ኛ ወጣ። በመስከረም 1999 ዓ.ም. በርሊን ላይ አሸነፈ። በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. ለሦስተኛ ጊዜ ለንደን ሮጠ። በዚህ ጊዜ ከመንገድ አቋርጦ ወጣ።

አያችሁ? በዓለም የታወቀ ሰው፣ ሰው ሁሉ እያየው አቋርጦ ወጣ። እሱ ግን ማራቶንን አልተወም። ከአምስት ወር በኋላ፣ መስከረም 19 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ጨረሰ። ይህ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። በዓመቱ፣ መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ እዚያው በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጠ። ማራቶንን ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች በመሮጥ የዓለም ክብረ ወሰን የያዘ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ኃይሌ ገና ልጅ እግር ሳለ አዲስ አበባ ላይ አንድ ማራቶን ሮጦ ነበር። የፈጀበትም 2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ነው። ከዚያ እስከ በርሊኑ ክብረ ወሰን ሃያ ዓመት ያህል አለፈ። በመካከሉ 44 ደቂቃ ቀነሰ። እነዚያ 44 ደቂቃዎች በአንድ ቀን አልተቀነሱም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚባለው ይኼ ነው።

የበቆጂው ቀነኒሳ በቀለም እንዲሁ ነው። በመስከረም 2010 ዓ.ም. የበርሊንን ማራቶን አቋርጦ ወጣ። በመስከረም 2012 ዓ.ም. እዚያው በርሊን ተመልሶ በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ አሸነፈ። ለዓለም ክብረ ወሰን የቀረው 2 ሰከንድ ብቻ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? የመጀመሪያው፣ በአንድ ሥራ የታወቀ ሰው እንኳ በሌላው ጀማሪ መሆኑ አይቀርም። ጀማሪ መሆን ነውር አይደለም። ሁለተኛው፣ አንድ ቀን ማቃት ሁልጊዜ ማቃት አይደለም። ያቃተን ነገር ወደፊት ምን መለማመድ እንዳለብን ያሳየናል።

በትንሽ መሬት መሞከር

«ሯጭ ቢሸነፍ ሌላ ውድድር ይጠብቃል፤ ገበሬ ቢሳሳት ግን ቤተሰቡ ይራባል» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው። አዲስ ነገር የሚሞክር ሰው ኪሳራውን ማሰብ አለበት። ለዚህም የአርሲ እርሻ ጥሩ መልስ ይሰጠናል።

በ1960 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በጭላሎ አውራጃ የእርሻ ልማት ሥራ ጀመሩ። ማዕከሉ አሰላ ነበር። ሕዝቡ «ካዱ» እያለ ይጠራዋል። ካዱ የተሻሻለ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያና ብዙ ወተት የሚሰጡ የተዳቀሉ ላሞችን ለገበሬው አስተዋወቀ። ታዲያ የትኛው ገበሬ ነው መሬቱን በሙሉ ለማያውቀው ዘር የሚሰጠው? ስለዚህ ትምህርቱ በሠርቶ ማሳያ መሬትና በአርአያ ገበሬዎች በኩል ይሰጥ ነበር። ጎረቤት አዲሱን ዘር በትንሽ መሬት ላይ ያያል። አበቃቀሉን ያያል። ምርቱን ያያል። ከዚያ በኋላ በራሱ ማሳ ጥግ ይሞክራል።

በአሰላ አቅራቢያ ያለው የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከልም ዛሬ የሚሠራው እንዲሁ ነው። ሊቃውንቱ የስንዴ ዝርያዎችን በትንንሽ መደብ ላይ ዘርተው ያወዳድራሉ። የማይሆነውን ይጥላሉ፤ የሚሆነውን ያባዛሉ። የተማረው ሰው እንኳ የማያውቀውን ነገር የሚጀምረው በትንሹ ነው ማለት ነው።

የጥንት መምህራን ዘዴ

ወደ ፊደል እንመለስ። በቤተ ክህነት ትምህርት ልጁ በመጀመሪያ ሀ ሁ ሂ ሃ እያለ በዜማ ይቆጥራል። ጥቂት ሲቆይ ሁሉንም በቃሉ ይወጣዋል። ነገር ግን መምህሩ ከመካከል አንዷን ፊደል በስንደዶ ነክተው፣ «ይቺ ማን ናት?» ሲሉት ዝም ይላል። ለምን? ልጁ የሚያውቀው ዜማውን ነው እንጂ ፊደሏን አይደለም።

መምህራን ለዚህ መድኃኒት አላቸው። እሱም «አቡጊዳ» ይባላል። አቡጊዳ ፊደሉን በሌላ ተራ ያስቆጥራል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ ይሄዳል። አ የ«አ» ቤት አንደኛዋ ናት። ቡ የ«በ» ቤት ሁለተኛዋ ናት። ጊ የ«ገ» ቤት ሦስተኛዋ ናት። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። የለመደው ዜማ ስለ ተቋረጠ ልጁ ዓይኑን ተክሎ ማየት ግድ ይሆንበታል። ይከብደዋል፤ ይሳሳታል። ነገር ግን ፊደሉን በትክክል የሚለየው ያን ጊዜ ነው።

እኛም በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ከተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የምንማረው አለ። ትምህርቱ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተሰጠ። በገጠር ብዙ እናቶችና አባቶች ማንበብ ጀመሩ። የምስክር ወረቀትም ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ማንበብ የቀጠሉት ጸንተዋል። የሚያነቡት ያላገኙት፣ ወይም «ጨርሻለሁ» ብለው ያስቀመጡት ግን ፊደሉ ጠፋባቸው። ብዙዎቹም ወደ አውራ ጣት ፊርማ ተመለሱ። ይህ እንዳይደርስብን እንጠንቀቅ።

እንዴት እንለማመድ?

አንደኛ፣ የሚያቅታችሁን ለዩ። አንድ ገጽ አንብቡ። የተቸገራችሁባቸውን ፊደላት በእርሳስ ክበቡ።

ሁለተኛ፣ ትንሽ አድርጉት። ሁሉንም በአንድ ቀን አትያዙ። ከተከበቡት ሦስቱን ብቻ ውሰዱ። ማሳውን ትታችሁ ጥጉን ያዙ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ በየቀኑ ጥቂት ሥሩ። እሑድ ቀኑን ሙሉ ከማጥናት በየማታው ሩብ ሰዓት ይሻላል። ፊደሉን እያያችሁ ብቻ አትገልብጡ። ወረቀቱን ዘግታችሁ ከራሳችሁ አውጥታችሁ ጻፉ። ከዚያ ገልጣችሁ አስተያዩ።

አራተኛ፣ የሚያርም ሰው ይኑራችሁ። ስህተትን ያለ አራሚ መደጋገም ስህተቱን ያጸናዋል። የልጅ ልጅም ቢሆን አራሚ ይሆናል። አንዲት እናት ማታ በኩራዝ ያነባሉ እንበል።

«እማማ፣ ይቺን ዘለሏት እኮ!»

«ተወኝ ልጄ፣ እሷ አስቸጋሪ ናት።»

«እንግዲያው እሷን ሦስት ጊዜ እንጻፋት!»

እኚህ እናት ቢስቁና ቢጽፏት፣ በማግስቱ ያቺ ፊደል አስቸጋሪነቷ ይቀንሳል። የልጁንም እርማት እንደ ድፍረት አይቁጠሩበት። ያስተማረ ሰው ሁሉ ይመሰገናል።

አምስተኛ፣ ለውጣችሁን መዝግቡ። ዛሬ ስንት ፊደል አስቸገራችሁ? ቁጥሩን ከነቀኑ ጻፉት። ከአንድ ወር በኋላ ያንኑ ገጽ እንደ ገና አንብቡና አስተያዩ። ሯጭ በሰዓት እንደሚለካ እናንተም በዚህ ትለካላችሁ።

የዚህ ሳምንት ልምምድ

ከዚህ በታች ያሉት ቃላት ብዙ ሰው የሚቸገርባቸውን ፊደላት የያዙ ናቸው። ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራም አንብቧቸው።

ሯጭ፣ ዳኛ፣ ፀሐይ
ጳጉሜ፣ ቋንቋ፣ ጨው
ዥጉርጉር፣ ጓሮ፣ ጸሎት

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ኃይሌ ገብረሥላሴ ከ10,000 ሜትር ወደ ማራቶን ሲዞር ምን አዲስ ነገር መልመድ ነበረበት?

2. ገበሬ አዲስ ዘር በትንሽ መሬት ላይ መሞከሩ ጥቅሙ ምንድን ነው?

3. እናንተስ በንባብ፣ በሂሳብ ወይም በእጅ ሥራ ዘልላችሁ የምታልፉት ነገር ምንድን ነው? ዛሬ ማታ ከየትኛው ጥግ ትጀምራላችሁ?