ለዓሣ ጫጩት ማቆያ ገንዳ የጨው መጠንን ሳይዋዥቅ ማቆየት

የዓሣ ኩሬ ለመክፈት የተነሳ የኅብረት ሥራ ማኅበር አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ኩሬው ቁፋሮ ነው። ብዙ ጫጩት የሚያልቀው ግን በጉዞ ላይና ከጉዞው በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። ከሰበታው የዓሣ ምርምር ማዕከል የተነሳ የቀረሶ ጫጩት ጂማን፣ ቦንጋንና ሚዛን ተፈሪን አልፎ ቱም እስኪደርስ በከረጢት ውሃ ውስጥ ብዙ ይንገላታል። በመረብ ሲያዝም ቆዳውን የሚሸፍነው የሚያሟልጭ ልባስ ይላላጣል። እንዲህ የደከመ ዓሣ በቀጥታ ኩሬ ውስጥ ከሚጣል ይልቅ ለአንድ ሳምንት ያህል ቀላል ጨው ባለበት ገንዳ ውስጥ ቢቆይ ይሻላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ደም በዙሪያው ካለው ውሃ ይልቅ ጨዋማ ነው። ስለዚህ ውሃ ሳያቋርጥ ወደ ሰውነቱ ይሰርጋል፤ ጨውም ከሰውነቱ ያመልጣል። ጤነኛ ዓሣ ይህን ይቋቋመዋል፤ የተጎዳው ግን አቅም ያንሰዋል። በአንድ ሊትር ውሃ 3 ግራም ጨው ሲገባ ልዩነቱ ይጠባል፤ ዓሣውም ያርፋል። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ስለሚይዝ ይህ መጠን ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም።

ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዓሣው ከሚያስወጣው ቆሻሻ አሞንያ ስለሚጠራቀም ውሃው መቀየር አለበት። ሲቀየር ደግሞ ጨዉ ይዛባል። ለምሳሌ 1000 ሊትር የሚይዝ፣ የውሃው ስፋት 2 ካሬ ሜትር የሆነ ገንዳ እንውሰድ። መጀመሪያ የሚገባው ጨው 3 ኪሎ ነው። በየቀኑ 100 ሊትር እየተቀዳ በምትኩ ጨው የሌለው ውሃ ቢሞላ በሳምንቱ ከጨዉ ከግማሽ በላይ ይጠፋል። በተቃራኒው ፀሐይ የጎደለችውን ውሃ በጨው ውሃ እየሞላ፣ ምንም ሳያፈስ የሚቆይ ሰው ጨዉን በየቀኑ ይጨምራል፤ ፀሐይ የምትወስደው ውሃውን ብቻ ነውና።

ይህን ሐይቆቻችን በግልጽ ያሳያሉ። ዝዋይ ከመቂና ከከታር ወንዞች የተቀበለውን በቡልቡላ በኩል ስለሚያስወጣ ውሃው ለስለስ ያለ ነው። ያው የቡልቡላ ውሃ የሚገባበት አብጃታ ግን መውጫ የለውም፤ ስለዚህ ጨዋማ ሆኖ ቆይቷል። ከላይ ለመስኖ በሚጠለፈው ውሃና ከሐይቁ ለሶዳ አሽ በሚሳበው ምክንያት ሲሸሽ ጨዋማነቱ ባሰ፤ ቀድሞ ይጠመድበት የነበረው ቀረሶም ጠፋ። ለቱም ሰው ቅርቡ ምሳሌ ግን ኦሞ ነው። የሚጠጣ ውሃ ይዞ ወርዶ ቱርካና ሐይቅ ይገባል፤ ቱርካናም መውጫ ስለሌለው ጨዋማ ነው።

ስለዚህ ገንዳው እንደ ዝዋይ መውጫ ያስፈልገዋል። ከገንዳው ጠርዝ ዝቅ ብሎ በተወሰነ ከፍታ ላይ የትርፍ ውሃ ቧንቧ ይተከላል፤ አፉም ጫጩት እንዳያመልጥ በወንፊት ይሸፈናል። ከላይ በመደብ ላይ 200 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ በርሜል ይቀመጥና በሊትር 3 ግራም ጨው ያለበት ውሃ ይሞላል፤ ይኸውም ለአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 60 ግራም ማለት ነው። ከበርሜሉ በደቂቃ 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ቢፈስ በቀን 100 ሊትር ይገባል። የገባው ያህል በትርፉ ቧንቧ በራሱ ይወጣል። በርሜሉ እየጎደለ ሲሄድ ፍሰቱ ስለሚቀንስ በመካከል ተንሳፋፊ ኳስ ያለው ትንሽ ዕቃ ማስገባት ይጠቅማል፤ የመጸዳጃ ቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው ዓይነት ኳስ ይበቃል።

ከዚህ ገንዳ ፀሐይ በቀን 6 ሊትር ብትወስድ እንኳ ጨዉ እየጨመረ አይሄድም። በሊትር 3.2 ግራም ገደማ ደርሶ ይቆማል፤ በትርፉ ቧንቧ የሚወጣው ከሚገባው ጋር ይተካከላልና። የባሕር ዓሣ በመስታወት ገንዳ የሚያኖሩ ሰዎች ይህን ሥራ በሁለት ፓምፕ ይሠራሉ፤ አንዱ ያስወጣል፣ ሌላው ያስገባል። ሁለቱ ጥቂት እንኳ ከተበላለጡ ጨዉ ቀስ በቀስ ይዛባል። የኛ የትርፍ ቧንቧ ኤሌክትሪክም አይጠይቅም፣ አይበላለጥምም፤ በኛ አስተያየት በዚህ በኩል ከነሱ መሣሪያ ይሻላል።

በቱም አገር ከፀሐይ ይልቅ መፈራት ያለበት ዝናብ ነው። አንድ ጊዜ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በገንዳው ላይ 40 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይወርዳል፤ 120 ግራም ያህል ጨውም በትርፉ ቧንቧ ጠርጎ ያወጣል። ዝናቡ ለአራት ቀን ቢደጋገም ምን እንደሚሆን ማሰብ አያዳግትም። ስለዚህ ገንዳው ጣራ ይሠራለት፤ የጣራው ውሃም ወደ ገንዳው እንዳይወርድ ይደረግ። ቆርቆሮ ከገንዳው ውሃ ጋር እንዳይነካካ ያስፈልጋል፤ ጨው ያዝገዋል፣ የሚለብሰው ዚንክም ዓሣ ይመርዛል። የተባይ መድኃኒት የነበረበት በርሜል ምንም ያህል ቢታጠብ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ጨዉ በገበያ የሚገኘው የአፍዴራ ጨው ቢሆን ይበቃል፤ ይህም ራሱ መውጫ ከሌለው ሐይቅ የሚመጣ ነው። ለከብት የሚሰጠው የማዕድን ጡብ ግን መዳብ ሊኖርበት ስለሚችል አይጨመርም። ጨዉ ሁልጊዜ በባልዲ ውስጥ ሟሙቶ እንጂ እንክብሉ ዓሣው ላይ አይበተንም፤ መጀመሪያ የሚገባው 3 ኪሎም በአንድ ቀን ውስጥ በሦስት ጊዜ ተከፍሎ ይግባ። የከተማ ቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለበት ክዳኑ ተከፍቶ አንድ ቀን ይደር።

ከገንዳው የሚወጣው ውሃ በየቀኑ 300 ግራም ያህል ጨው ይዟል። ወደ ቡና ችግኝ ጣቢያ ወይም ወደ ምንጭ እንዳይሄድ የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ቦዩን ራሱ ሄዶ ይይ። የቡና ችግኝ ጨው አይወድም፤ ዓሣ አድናለሁ ሲል ችግኝ ያደረቀ ማኅበር ደግሞ ሁለተኛ ገንዳ አይሠራም።

ሳምንቱ ሲያልቅ በርሜሉ ንጹሕ ውሃ ይሞላና ፍሰቱ በቀን ወደ 300 ሊትር ከፍ ይደረጋል። በሌላ አንድ ሳምንት ውስጥ ጨዉ በሊትር ከግማሽ ግራም በታች ይወርዳል፤ ጫጩቶቹም ያን ጊዜ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ወደ ኩሬው ይዛወራሉ።