የተቆጣ አንጀትና ከማዕድ የሚወጣው ሽንኩርት

የአንጀት መቆጣት ሕመም፣ በሐኪሞች አጠራር አይቢኤስ፣ አንጀት በመሣሪያ ሲታይ ቁስልም ሆነ ዕጢ የማይገኝበት፣ ነገር ግን ሕመምተኛውን ለዓመታት በቁርጠት፣ በሆድ መነፋት፣ በተቅማጥ፣ በድርቀት ወይም በሁለቱ መፈራረቅ የሚያሠቃይ የአንጀት አሠራር መዛባት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው «ሮም 4» በተሰኘው ዓለም አቀፍ መመዘኛ መሠረት ሕመሙ አለ የሚባለው፣ ቢያንስ ከ6 ወራት በፊት የጀመረ የሆድ ሕመም ባለፉት 3 ወራት በአማካይ በሳምንት አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሲሰማና ከመጸዳዳት፣ ከሰገራ ድግግሞሽ ለውጥና ከሰገራ ቅርጽ ለውጥ መካከል ቢያንስ ከሁለቱ ጋር ሲያያዝ ነው። በዚህ ጠበቅ ባለ መመዘኛ እንኳ ከዓለም አዋቂዎች ወደ 4 በመቶ የሚጠጉት ሕመሙ እንዳለባቸው ይገመታል። ሕይወት ስለማይቀጥፍና በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ስለማይወጣ ግን «ምንም የለብዎትም» ተብሎ የሚሸኘው ሕመምተኛ ጥቂት አይደለም።

በኢትዮጵያ የነገሩ አያያዝ በሌላ በኩል ይወሳሰባል። ከደረት በታች የሚሰማ ሕመም ሁሉ በሕዝቡ አነጋገር «ጨጓራ» ነው፤ ጨጓራ ያልሆነው ደግሞ አሜባ ወይም ጃርዲያ ይሆናል። ጥገኛ ተውሳኮቹ በእርግጥ ስላሉ የሰገራ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ስሕተቱ የሚጀምረው ምርመራው ምንም ሳያሳይ ያው መድኃኒት ሲደጋገም ነው። ነገሩን ይበልጥ የሚያጠላልፈው፣ እውነተኛ የአንጀት ኢንፌክሽን ከዳነ በኋላም የተቆጣ አንጀት ትቶ ሊሄድ መቻሉ ነው። በካናዳ ዎከርተን በምትባል ትንሽ ከተማ በ2000 የመጠጥ ውሃ ተበክሎ ከ2,300 በላይ ሰዎች ታመው 7 ሲሞቱ፣ ከዳኑት መካከል ብዙዎቹ ለዓመታት በአይቢኤስ ምልክቶች ሲቸገሩ መቆየታቸውን ተከታታይ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ አሜባው ከጠፋ በኋላ የሚቀጥል ቁርጠት የግድ አሜባው ተመለሰ ማለት አይደለም።

ምግብ ሕመሙን እንደሚቀሰቅስ ሕመምተኞች ከሐኪሞቻቸው ቀድመው ያውቁ ነበር፤ የትኛው ምግብ በምን ምክንያት የሚለው ግን ለረጅም ጊዜ በግምት የሚታለፍ ጥያቄ ነበር። በአውስትራሊያ ሜልቦርን የሚገኘው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፒተር ጊብሰንና ሱ ሼፐርድ በ2005 «ፎድማፕ» የሚለውን ምህጻረ ቃል ይዘው ብቅ ሲሉ፣ እስከዚያ በየፊናቸው ሲጠኑ የነበሩ የስኳርና የስኳር መሰል ውሕዶችን በአንድ ስም ሰበሰቧቸው። በዚህ ስም የሚጠቃለሉት በስንዴ፣ በገብስና በሽንኩርት ዘሮች ውስጥ ያለው ፍሩክታን፣ በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ጋላክቶ ኦሊጎሳካራይድ፣ የወተት ስኳር የሆነው ላክቶስ፣ በማርና በማንጎ ውስጥ ከግሉኮስ በልጦ የሚገኘው ፍሩክቶስ፣ እንዲሁም በአንዳንድ ፍራፍሬዎችና ስኳር አልባ ተብለው በሚሸጡ ማስቲካዎች ውስጥ የሚገኙት እንደ ሶርቢቶል ያሉ ፖሊዮሎች ናቸው።

እነዚህን ሁሉ የሚያመሳስላቸው በትንሹ አንጀት ውስጥ በሚገባ አለመመጠጣቸው ነው። ፍሩክቶስና ፖሊዮሎች ጥቃቅን ስለሆኑ ውሃ ወደ ትንሹ አንጀት ይስባሉ፤ ፍሩክታን ደግሞ የሰው ልጅ የሚሰባብርበት ኢንዛይም ስለሌለው ሳይነካ ወደ ትልቁ አንጀት ይደርስና ለባክቴሪያዎች ቀለብ ሆኖ ጋዝ ያመነጫል። በእንግሊዝ የኖቲንግሃም ተመራማሪዎች ይህን በኤምአርአይ ምስል ተከታትለዋል፤ ከሁሉ የሚያስገርመውም ፍሩክታን በወሰዱ ጤነኞችና ሕመምተኞች አንጀት ውስጥ ተመሳሳይ መጠን ያለው ጋዝ ሲታይ፣ በሕመም ይበልጥ የተጨነቁት ግን አይቢኤስ ያለባቸው መሆናቸው ነው። ከዚህ እንደሚታየው ጥፋቱ የምግቡ ብቻ ሳይሆን የአንጀቱ ነርቮች መለጠጥን ከመጠን በላይ እንደ ሕመም መቁጠራቸውም ነው፤ ፎድማፕን ከማዕድ የሚቀንሰው አመጋገብ መለጠጡን ይቀንሳል እንጂ ነርቮቹን አያክምም። ይህን የአመጋገብ ዘዴ እንደ ፈውስ የሚያቀርቡ ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ ማዕድ ሲመጣ ተጠርጣሪው ብዙውን ጊዜ ከተወቀሰው የተለየ ነው። ሕዝቡ በርበሬውን ይወቅሳል፤ ሚጥሚጣና በርበሬ የአንዳንዱን ሰው አንጀት ማስቆጣታቸውም እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ በፎድማፕ ሚዛን ትልቁ ሸክም ያለው በቁሌቱ ውስጥ ነው። ለአንድ ድስት ወጥ የሚከተፈው ቀይ ሽንኩርት ብዛትና በላዩ የሚጨመረው ነጭ ሽንኩርት ፍሩክታንን በብዛት ያስገባሉ፤ ሽንኩርቱ እስኪሟሟ ቢቁላላም ፍሩክታኑ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ሽንኩርት ትቻለሁ የሚል ሰውም፣ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ ነጭ ሽንኩርትና አንዳንዴም ቀይ ሽንኩርት አብሮ ደርቆ የተፈጨባቸው ከሆነ፣ የተወውን ምግብ በማንኪያ እየመለሰ ነው። ፍሩክታን በውሃ እንጂ በዘይት ስለማይሟሟ፣ ነጭ ሽንኩርትን በዘይት ጠብሶ ፍሬውን ማውጣት ጣዕሙን ያስቀራል፤ የሽንኩርት አረንጓዴ ቅጠልም በነጩ ክፍል ምትክ ያገለግላል። ንጥር ቅቤም ቅመሙ ተጣርቶ ስለሚወጣ ከቁሌቱ ይልቅ የሚመች ይመስላል፤ ነገር ግን ጥሬ ቅቤ ውሃ ስላለበት ነገሩን በእርግጠኝነት ለመናገር ያስቸግራል።

ጥራጥሬም እንደዚሁ ነው። በምስር፣ በአተርና በሽምብራ ውስጥ ያለው ጋላክቶ ኦሊጎሳካራይድ ወደ መቀቀያው ውሃ ስለሚወጣ፣ ዘፍዝፎ፣ ቀቅሎና ውሃውን ደፍቶ መብላት መጠኑን ይቀንሳል፤ በምስር ወጥና በሽሮ ግን ውሃው ራሱ ወጥ ስለሆነ የሚደፋ ነገር የለም። ይህ በጾም ወቅት ይጎላል፤ በረቡዕና በዓርብ እንዲሁም በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ወተት ከማዕድ ሲወጣ የላክቶስ ጫና ይቀራል፣ በምትኩ ግን ሽሮና ምስር የዕለት ምግብ ይሆናሉ። ሕመሙ በጾም የሚባባስበት ሰው ምክንያቱን በዚህ በኩል ቢፈልግ አይሳሳትም። ጤፍ በበኩሉ ግሉተን የሌለው እህል ነው፤ እንጀራው በገብስ ወይም በስንዴ ሲደባለቅ ግን፣ በአገር ቤት በኑሮ ውድነት ምክንያት፣ በአሜሪካና በአውሮፓም በሌላ ሰበብ እንደሚደረገው፣ ፍሩክታን ይገባበታል። ብዙዎች በስንዴ የሚያማቸው በግሉተን ነው ብለው ያምናሉ፤ በ2018 የታተመ የኖርዌይ ጥናት ግን ይህን እምነት በነበራቸው 59 ሰዎች ላይ ሁለቱን ለያይቶ ሲፈትን፣ ይበልጥ ያስቸገራቸው ፍሩክታን ሆኖ ተገኝቷል።

ዘዴው ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ በሰፊው የታወቀው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው፣ ጉዳቱም የሚመጣው ከዚህ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ድረስ በፎድማፕ የበለጸጉ ምግቦች ቆመው ድንች፣ ካሮት፣ ሩዝ፣ ቆስጣ፣ እንቁላል፣ ሥጋና ዓሣ የመሳሰሉት ይበላሉ። ቀጥሎ አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ ተመርጦ ለ3 ቀናት መጠኑ እየጨመረ ይፈተናል፤ ለላክቶስ ወተት፣ ለፍሩክቶስ ማንጎ ይወሰዳል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርትና ስንዴ ግን አንዱ ያመመው ሌላው ላያመው ስለሚችል ለየብቻ ይፈተናሉ፤ በፈተናዎቹ መካከልም ሆዱ እስኪረጋጋ ጥቂት ቀናት ይታረፋል። በመጨረሻ ሰውየው የሚያመውን ብቻ ቀንሶ የቀረውን ሁሉ ይበላል። ከበይነ መረብ የተከለከሉ ምግቦችን ዝርዝር አውርዶ ለዓመታት የሚኖርበት ሰው ሕክምናውን ከጀመረበት ሳይነሳ ቀርቷል፤ ጥብቁ ደረጃ ጠቃሚ የሚባሉትን የቢፊዶ ባክቴሪያዎች ቁጥር እንደሚቀንስ ታውቋል፣ የካልሲየምና የአሰር እጥረትም ሊያስከትል ይችላል፣ ከምግብ ጋር የተበላሸ ግንኙነት ላለው ሰውም አይመከርም።

ውጤቱን በተመለከተ ማስረጃው ጠንካራ ቢሆንም ያልተጋነነ ንባብ ይፈልጋል። በ2014 የታተመው የሞናሽ ጥናት በ30 ሕመምተኞች ላይ ምልክቶቹ በግማሽ ያህል መቀነሳቸውን አሳየ፤ የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅም በ2021 መመሪያው ዘዴው ለተወሰነ ጊዜ እንዲሞከር መክሯል። በሌላ በኩል በ2015 የወጣ የስዊድን ጥናት፣ በሰዓቱ መብላትን፣ ቀስ ብሎ ማላመጥን፣ ቅባትና ቡናን መቀነስን የሚያዝዘው የተለመደ ምክር ከፎድማፕ ዘዴ ጋር ተቀራራቢ ውጤት እንዳስገኘ አሳይቷል። ዋጋው እጅግ ያነሰውን ምክር አስቀድሞ መሞከር ስለዚህ ብልህነት ነው። በጎተንበርግ 294 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2024 የታተመው ጥናት ደግሞ ሁለቱን አጣምሮ ከ4 ሳምንት በኋላ በ76 በመቶ ሕመምተኞች ላይ መሻሻል ሲያገኝ፣ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት የተሻላቸው 58 በመቶ ነበሩ።

ሰገራው ላይ ደም ያየ፣ ሳያስበው የከሳ፣ ደም ያነሰው፣ ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ወይም ምልክቱ ከ50 ዓመት በኋላ የጀመረው ሰው ግን ከሽንኩርቱ በፊት ሐኪሙን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ በግሉተን የሚቀሰቀሰው የሴሊያክ ሕመም የሚጠረጠርበትም ምርመራው ሳይደረግ ስንዴ ማቆም የለበትም፣ ውጤቱን ያሳስታልና። ከእነዚህ ነጻ ሆኖ ዘዴውን በሥነ ምግብ ባለሙያ ምክር የጀመረ ሰው በ6 ሳምንት ውስጥ ለውጥ ካላየ፣ ምግብን ይበልጥ እያጠበበ ከመሄድ ይልቅ ወደ ቀድሞ ማዕዱ ተመልሶ ሌላ ሕክምና ይጠይቅ።