ግንባታው «መቼ» እንደሚደርስ የሚያሳይ ንድፍ፦ የዲጂታል ሞዴልና የጊዜ ሠሌዳ ጥምረት

በክረምት በሚሞላ ወንዝ ላይ የአፈር ግድብ የሚሠራ ተቋራጭ ሁለት የጊዜ ገደቦች አሉበት። አንደኛው በውሉ ላይ የሰፈረው ሲሆን ሁለተኛው ክረምቱ ራሱ ያስቀመጠው ነው። በመጀመሪያው ላይ የጊዜ ማራዘሚያ ሊጠየቅ ይችላል፤ ለሁለተኛው ግን ማመልከቻ የሚቀበል አካል የለም። ግድቡ ወንዙ ከመሙላቱ በፊት ሊደርስበት ከሚገባው ከፍታ ካልደረሰ፣ በጋውን ሙሉ ሲጠቀጠቅ የከረመው አፈር በአንድ ሌሊት ጎርፍ ሊወሰድ ይችላል። የመስኖ ውኃ የሚጠባበቀው አርሶ አደርም አንድ ሙሉ የበጋ ምርት ያልፈዋል።

እንዲህ ያለው መዘግየት ሁልጊዜ ከንድፍ ጉድለት ወይም ከገንዘብ እጥረት የሚመጣ አይደለም። ብዙ ጊዜ መነሻው የሥራዎች ቅደም ተከተል አለመጣጣም ነው። ይህንን አለመጣጣም ሥራው ከመጀመሩ በፊት በኮምፒውተር ላይ ለማየት የሚያስችለው ዘዴ የግንባታውን ዲጂታል ሞዴል ከጊዜ ሠሌዳ ጋር ማጣመር ሲሆን፣ በሙያው ዘንድ «ባለ አራት አውታር ሞዴል» ወይም «ፎር ዲ» በመባል ይታወቃል።

ሁለት ወረቀቶች፣ አንድ ሥራ

አንድ የግንባታ ፕሮጀክት ለረጅም ዘመን ሲመራ የኖረው በሁለት የተለያዩ ሰነዶች ነው። የመጀመሪያው ንድፉ ሲሆን፣ ምን እንደሚሠራና የት እንደሚሠራ ይናገራል። ሁለተኛው ሥራው መቼ እንደሚከናወን የሚያመለክተው የጊዜ ሠሌዳ ነው። በአግድም አሞሌዎች የሚዘጋጀው የተለመደው ሠሌዳ እስከ ዛሬ የሚጠራው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በስፋት ባስተዋወቀው አሜሪካዊ መሐንዲስ በሄንሪ ጋንት ስም ነው። ከየትኞቹ ሥራዎች አንዱ ቢዘገይ መላው ፕሮጀክት እንደሚዘገይ የሚለየው የወሳኝ መስመር ስሌት ደግሞ በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተቀምሯል።

ሁለቱ ሰነዶች የሚዘጋጁት ብዙውን ጊዜ በተለያዩ ባለሙያዎች ነው። ሁለቱን አገናኝቶ «በመጋቢት 15 ቀን የግንባታ ቦታው ምን ይመስላል?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ የሚችለው በአእምሮው ሥዕሉን መሳል የሚችል ልምድ ያለው መሐንዲስ ወይም ፎርማን ብቻ ነበር።

የሕንፃ መረጃ ሞዴል፣ በምሕጻረ ቃል «ቢም»፣ የመጀመሪያውን ሰነድ ለውጦታል። ይህ ምሕጻረ ቃል በግንባታ ቦታ «ቢም» እየተባለ ከሚጠራው አግዳሚ አርማታ ጋር ሊምታታ አይገባም። በሞዴሉ ውስጥ እያንዳንዱ የግንባታ አካል፣ ምሰሶውም ሆነ ሶሌታው፣ መስመር ብቻ አይደለም። ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ ቁመቱን እንዲሁም የተሠራበትን ቁስ የሚያውቅ ዲጂታል አካል ነው። በነዚህ ሦስት አውታሮች ላይ አራተኛው፣ ማለትም ጊዜ፣ ሲታከል ሞዴሉ ከመጀመሪያው ቁፋሮ እስከ ርክክብ ድረስ ደረጃ በደረጃ ሲያድግ የሚታይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ይሆናል።

ጥምረቱ እንዴት ይከናወናል?

ሥራው በአራት ደረጃዎች ሊጠቃለል ይችላል። በቅድሚያ ሞዴሉ በአሠራሩ ልክ ይከፋፈላል። ንድፍ አውጪው እንደ አንድ አካል የሣለው ሰፊ ሶሌታ በሦስት ቀናት በሦስት ክፍል የሚሞላ ከሆነ፣ በሞዴሉም ሦስት ቦታ መከፈል ይኖርበታል። የግድብ ሙሌትም እንዲሁ በከፍታ ደረጃዎች ይከፋፈላል።

ቀጥሎ የሥራዎቹ ዝርዝር ይዘጋጃል። እያንዳንዱ ሥራ የሚፈጀው ጊዜና ከርሱ በፊት መጠናቀቅ ያለበት ሥራ ይመዘገባል። በሦስተኛ ደረጃ ለሞዴሉ አካልና ለሥራው ተመሳሳይ መለያ ቁጥር ተሰጥቶ እርስ በርስ ይያያዛሉ። በመጨረሻ ሶፍትዌሩ ቀኑን ወደፊት እያስኬደ ግንባታውን ያሳያል። ያልተጀመረው አካል ከዕይታ ይሰወራል፤ በሥራ ላይ ያለው በተለየ ቀለም ይደምቃል፤ የተጠናቀቀው መደበኛ መልኩን ይይዛል። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ደግሞ የታቀደው ከተከናወነው ጋር ጎን ለጎን ሊነጻጸር ይችላል።

በምሳሌ ሲታይ

ለአብነት አንድ አነስተኛ የመስኖ ግድብ ይወሰድ። ከግድቡ ሥር ውኃ የሚያሳልፍ ቧንቧ በአርማታ ተሸፍኖ ይቀበራል። የአርማታ ጥንካሬ በተለምዶ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። በሠሌዳው ላይ ግን በቧንቧው ላይ አፈር መሙላት የሚጀመረው አርማታው በተሞላ በ10ኛው ቀን ሆኖ ተቀምጧል እንበል። ንድፉ ስህተት የለበትም፤ ሠሌዳውም ለብቻው ሲነበብ ጤናማ ይመስላል። ሁለቱ ሲጣመሩ ግን ገና በሥራ ላይ መሆኑን በቀለሙ የሚያሳይ አርማታ በአፈር ሲዋጥ በግልጽ ይታያል።

የወቅቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። የግድቡን ውኃ እንዳይሰርግ የሚይዘው ሸክላማ አፈር በስስ ንብብር እየተነጠፈ፣ እርጥበቱ እየተለካ ይጠቀጠቃል። ዝናብ የጠገበ ሸክላ በአግባቡ አይጠቀጠቅም። ስለዚህ ሙሌቱ አንድ ወር ወደኋላ ቢገፋ የሚጨመረው አንድ ወር ብቻ አይደለም፤ ቀሪው ሥራ ክረምቱን አሳልፎ ወደ ቀጣዩ በጋ ሊሻገር ይችላል። በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የወንዙ ፍሰት አቅጣጫ የተቀየረው ግንቦት 20 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ከዋናው ክረምት አስቀድሞ ነበር፤ የመጀመሪያው ዙር የውኃ ሙሌት ደግሞ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ተከናውኗል። ትልቅም ሆነ ትንሽ፣ የግድብ የሥራ ቀናት ከወንዙ ባሕርይ ጋር ይያያዛሉ።

በሞዴሉ የማይታዩት ሥራዎች

የዘዴው ዋነኛ ድክመት የሚገኘውም እዚሁ ላይ ነው። ሞዴሉ የሚያሳየው ቅርጽ ያለውን ነገር ነው። የካሳ ክፍያ ግን ቅርጽ የለውም፤ በማሳ ላይ የቆመ ጤፍም የሕንፃ አካል ተብሎ አይሣልም። በመሆኑም ዋናው ቦይ በኅዳር እንዲቆፈር ቀን የተቆረጠለት ሞዴል፣ ኤክስካቫተሩ ያልታጨደ ሰብል መካከል እንደሚያልፍ ሳያመለክት ሊያልፍ ይችላል። ለግድቡ ሙሌት ሸክላ የሚቆፈርበት ቦታም ብዙ ጊዜ ገና ያልተለቀቀ የእርሻ መሬት ነው።

መፍትሔው እነዚህንም በሞዴሉ ውስጥ አካል መስጠት ነው። እያንዳንዱ ማሳ፣ የሸክላ መቆፈሪያው ቦታ፣ ገልባጭ መኪኖች የሚመላለሱበት ጊዜያዊ መንገድ ሁሉ ተሥሎ «ከዚህ ቀን በፊት አይነካም» የሚል ቀን ሊያያዝበት ይችላል። ማሳው ካሳው ተከፍሎና ሰብሉ ተሰብስቦ የሚለቀቅበት ቀን ከቁፋሮው ቀን ጋር ሲጋጭ ግጭቱ በስክሪኑ ላይ ይታያል። ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳ ወቅት በመሆናቸው የቀን ሠራተኛ እንደሚያንስ፣ የትኛው መሻገሪያ ከሰኔ ወዲህ እንደማይታለፍ፣ የበጋ መስኖ ስንዴ መቼ እንደሚዘራ አርሶ አደሩና የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ያውቃሉ። ይህ እውቀት በዲዛይን ቢሮ አይገኝም፤ ተጠይቆ መምጣት ይኖርበታል። ሞዴሉ የሚታመነው የተመገበው ቀን የታመነውን ያህል ብቻ ነው።

የቀን አቆጣጠሩም ጥንቃቄ ይሻል። አብዛኞቹ ሶፍትዌሮች የሚሠሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የጁን የመጨረሻ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰኔ 23 እንጂ ሰኔ 30 አይደለም። ክረምት በሚገባበት ወቅት የሰባት ቀን ልዩነት ቀላል አይደለም፤ አንዱ ወገን «በሰኔ መጨረሻ» ሲል ሌላው የተረዳው የትኛውን ቀን እንደሆነ በጽሑፍ መረጋገጥ ይገባዋል።

የሌሎች ልምድና የአቅም ጉዳይ

የባለ አራት አውታር ሞዴል ምርምር በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በስፋት ተካሂዷል። በ2003 እ.ኤ.አ. የተከፈተውና ጠማማ የብረት ግድግዳዎች ያሉት የሎስ አንጀለሱ ዋልት ዲዝኒ የሙዚቃ አዳራሽ ሲገነባ ዘዴው ሥራዎችን ለማቀናጀት ውሏል። የእንግሊዝ መንግሥት ደግሞ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማዕከል በሚገዛቸው የግንባታ ፕሮጀክቶች ላይ ባለ ሦስት አውታር የመረጃ ሞዴልን አስገዳጅ አድርጓል። አራተኛው አውታር የሚታከለው በእንዲህ ያለ ሞዴል ላይ ነው።

ዘዴው ኮምፒውተር፣ የሶፍትዌር ፈቃድና የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል። ሲሚንቶ በጊዜው ካልቀረበ ወይም ክፍያ ከዘገየ ሞዴሉ ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ አይኖርም። ለአንድ ጤና ኬላ ወይም ለአራት የመማሪያ ክፍሎች ደግሞ ይህን ሁሉ ማውጣት ላያስፈልግ ይችላል። በአንድ የቦታ ንድፍ ላይ የየወሩን ሥራ በተለያየ ቀለም መቀባትና በግድግዳ ላይ መለጠፍ ተመሳሳዩን ጥያቄ በርካሽ ይመልሳል።

ሞዴሉ ከአሞሌ ሠሌዳ የሚበልጥበት አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። ሠሌዳውን ለማንበብ ሥልጠና ያስፈልጋል፤ ተንቀሳቃሹን ሥዕል ግን ማንም ተመልክቶ ይረዳዋል። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት በቀበሌ ስብሰባ ላይ ቢቀርብ፣ መሬቱ በቦዩ መስመር ላይ የሚገኝ አርሶ አደር ማሽኑ በየትኛው ወር ወደ ማሳው እንደሚደርስ በዓይኑ አይቶ፣ ቀኑ ከአጨዳው ጋር የሚጋጭ ከሆነ ማረም በሚቻልበት ጊዜ ሊናገር ይችላል።